የመዶሻ ሦስት ቁልፎች

መዶሻ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ሰዎች ቀኝ እጁን አይተው ነበር። ስሙ ከእጁ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ እጁ ከተሰበረ ዐሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ሰፈሩ ግን ዛሬም መዶሻ ይለዋል። የቀኝ እጁ አራት ጣቶች እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ናቸው፤ የሚታዘዘው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። በግራው ደግሞ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወድቃሉ፤ ለየብቻ መንቀሳቀስን ረስተዋል። ሸሚዙን ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን የምዘረዝረው አንባቢን ለማሳዘን አይደለም፤ ቀጥሎ የሚነገረው ሁሉ ከእነዚህ ጣቶች የሚነሣ ስለሆነ አስቀድሞ መታወቅ ስላለባቸው ነው። በልጅነቱ ሳስተምረው እኔም በማስመሪያ መትቻቸዋለሁ። ያን ጊዜ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ቡጢ የጀመረው በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እስከ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ድረስ አርባ ሦስት ጊዜ ገጥሞ ሠላሳ ስድስቱን አሸነፈ። የመጨረሻው ተጋጣሚው በሥራው የብረት በያጅ የሆነ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ከግጥሚያ በፊት ሰላምታ የማይነፍግ ሰው ነበር። በአምስተኛው ዙር የበያጁ ግራ እጅ ይወርድ ጀመር። በአንድ ጊዜ አልወረደም፤ የከበደውን ዕቃ መሬት ለማስቀመጥ ቦታ እንደሚፈልግ ሰው ቀስ እያለ ወረደ። ቀኝ እግሩም ከሐሳቡ ኋላ ቀረ። መዶሻ ይህን አየ። የቡጢ ትምህርት ደግሞ አጭር ነው፤ እጅ በሌለበት ግባ ይላል። ገባ። በመጀመሪያው ምት የበያጁ ጥርስ መከላከያ ከአፉ ወጥቶ በገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። በሁለተኛው ዓይኖቹ ተለያይተው ሁለት አቅጣጫ አዩ። በሦስተኛው ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ፤ ሰውየው ጉልበቱን ሳያጥፍ እንደ ተቆረጠ ምሰሶ ወደቀ፤ ከጆሮውም ደም ፈሰሰ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ማጨብጨብ ከማየት ይቀላልና።

በያጁ ሦስት ቀን ሳይነቃ ሰንብቶ ሞተ። በሦስተኛው ቀን መዶሻ በሆስፒታሉ የብረት በር አጠገብ ቆሞ ነበር። የሟቹ ሚስት ስትወጣ አየችው። አልሰደበችውም፣ አልረገመችውምም። «እጁ ሲወርድ አላየህም?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። እርሷ ከሄደች በኋላ የብረቱን በር በቀኝ እጁ መታው። መታው፤ ደገመው፤ በአራተኛው ጥበቃዎቹ ሲይዙት ከአንጓው ነጭ አጥንት ወጥቶ ነበር። የግራውን ጣቶች የሰበራቸው ጥበቃዎቹን ሲታገል ነው። መዶሻ የተሰበረው እንዲህ ነው፤ በራሱ እጅ።

ከዚያ በኋላ አሰልጣኝ ሆነ። ብዙ ሰው ቡጢን እርግፍ አድርጎ ይተዋል ብሎ ጠብቆ ነበር። እርሱ ግን ያን ጥያቄ ይዞ ወደ አዳራሽ ተመለሰ።

አዳራሹ የቀድሞ የጎማ መጋዘን ነው፤ ሽታው ዛሬም ጎማ ጎማ ይላል። ሦስት የአሸዋ ከረጢቶች ከጣሪያው ብረት በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል፤ የመካከለኛው ጎን ተቀዶ በሸራ ተጠግኗል። የመድረኩ ገመድ በአንዱ ጥግ ላልቷል። የመድረኩ ሸራ ታጥቦ የማይለቅ ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። አዲስ መጪ «ይሄ ምንድን ነው? ዝገት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ነባሮቹ «አዎ፣ የሰው ዝገት» ይሉታል። በዚያ አዳራሽ ምት ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። አንድ የግራ ቀጥታ ነው፤ ሁለት የቀኝ ቀጥታ ነው፤ ሦስት ከጎን የሚመጣው የግራ መንጠቆ ነው። «አንድ! አንድ ሁለት! ሦስት ጨምርበት!» የሚለው የመዶሻ ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል።

በኮምፒውተር ጥገና ሱቅ የምትሠራ የእህት ልጅ አለችው። ከሁለት የሞቱ ላፕቶፖች አንድ ሕያው አውጥታ አመጣችለት፤ ጠባብ ነው፣ በስተቀኝ ለብቻው የተደረደረ የቁጥር ገበታም የለውም።

«ሊኑክስ የሚባል ቀላል ሲስተም ነው የጫንኩበት» አለችው። «በዚህ ዕድሜው ሌላ አይሸከምም።»

«እንደኔ ነዋ» አለ መዶሻ። «ቀለል ያለ ነገር ስጡት በይኛ።»

ከሁሉ የጠቀመው በስክሪን ላይ የሚያሥል ፕሮግራም ነው። ቪዲዮው እየሄደ ሳለ በላዩ ላይ በቀይ ቀለም መሥመር ይሰመራል፤ ሥዕሉ ይሄዳል፣ መሥመሩ ባለበት ይቆያል። መዶሻ ለዓመታት በሰው ትከሻ ላይ በጣቱ እያመለከተ ሊያሳይ የደከመበት ነገር ይህ ነበር። ችግሩ ቁልፎቹ ላይ ነው።

«አጎቴ፣ ከላይ ያለውን ኤፍ ዘጠኝ ቁልፍ ስትጫን ይሥላል፤ ደግመህ ስትጫን ያቆማል።»

ተጫነው። ስክሪኑ ጨለም አለ።

«በቃ፣ ገደልኩት!»

«አልገደልከውም። በዚህ ላፕቶፕ ላይ ያ ቁልፍ ብርሃን መቀነሻም ነው። ለመሣል ከፈለግህ ታች በግራ ያለውን ኤፍ ኤን የሚለውን ይዘህ ነው ላይኛውን የምትጫነው።»

በግራው ታችኛውን ያዘ፤ የቀኙን አውራ ጣት ወደ ላይ ሲዘረጋ ግትሮቹ ጣቶች ሌሎቹን ቁልፎች ጠርገው አለፉ። ድምፁ ጠፋ፤ ቀጥሎ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ።

«ይሄን የሠራ ሰውዬ ዐሥር ጣት ነበረው» አለ።

«ግድ የለም፣ ይቀየራል። አቋራጭ ቁልፎቹን የምንወስነው እኛ ነን። የቱን ትፈልጋለህ?»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቁጥሮቹን ነዋ! አንድ ስለው ይሣል። ሁለት ስለው የመጨረሻውን መሥመር ያጥፋ። ሦስት ስለው ሁሉንም ይጥረግ። እነዚህን በእንቅልፌም አልስታቸውም።»

የእህቱ ልጅ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። «አጎቴ፣ ስማኝማ። ቁልፉን ለዚህ ከሰጠነው ለሌላ ሥራ አይታዘዝም። ፕሮግራሙ ቀድሞ ይነጥቀዋል። የትም ቦታ ሁለት ብለህ ብትጽፍ ሁለት አይወጣም። ሰው የማይጽፍበት ሌላ ቁልፍ እንፈልግ።»

«እኔ ቁጥር የት ነው የምጽፈው? ባንክ ከፍቻለሁ? አድርጊው የኔ እናት፤ ኋላ ብረሳ ጥፋቱ የኔ ነው።»

የአቋራጭ ቁልፎችን ዝርዝር ከፈተች፤ የቀድሞዎቹን ሰርዛ በየቦታቸው አንድን፣ ሁለትን፣ ሦስትን አስገባች፤ ፕሮግራሙን ዘግታ አስነሣችው። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። በዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድን ቃል በሌላ ቃል የመተካት ያህል ቀላል ሥራ ነበር፤ ቃል በተተካ ቁጥር ግን የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም እንደሚለወጥ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልምምዱ ሥርዓት ተለወጠ። ስልኩን በምሰሶ ላይ አስሮ ልምምዱን ይቀርጻል፤ ቀረጻውን ላፕቶፑ ላይ አስጀምሮ አንድን ይጫንና በተለማማጁ አገጭ ትክክል በማውስ ቀይ መሥመር ያሰምራል። ያ መሥመር የአገጭ መሥመር ተባለ። እጅ ከመሥመሩ በታች በወረደ ቁጥር ከጎኑ አንድ ነጥብ ያኖራል።

«ሥጋ ሻጭ፣ ና ይሄን ቁጠርልኝ» ይላል።

ሥጋ ሻጩ ከአዳራሹ ሰዎች ሁሉ ከባዱ ነው፤ ክንዱ የሌላ ሰው ጭን ያህላል። «ዐሥራ አራት» ይላል አጎንብሶ።

«ዐሥራ አራት ጊዜ ሞተሃል። ማን ያለቅስልሃል?»

«ሚስቴ።»

«ሚስትህማ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሌላ አግብታለች።»

አዳራሹ ይስቃል፤ ሥጋ ሻጩም ይስቃል፤ በማግሥቱ ነጥቡ ወደ ዘጠኝ ይወርዳል። መዶሻ የዚያችን ሴት ጥያቄ የሚመልሰው በዚህ መንገድ ነበር። አየሁ፤ እነሆ፣ በቀይ አሰመርኩበት ማለቱ ነው።

ነገር ግን ሰው የሌላውን ዓይን ጉድፍ ለማየት የሚጠቀምበት መነጽር በቤቱ ሲያደርገው ይደበዝዛል። መዶሻ በዐሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጠው ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ስሙ በአዳራሹ ሽቦ ነው፤ ቀጭን ነው፣ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም ይባልለታል። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገው መዶሻ ነው። ቀን በዕቃ ማራገፊያ ያራግፋል፣ ከሥራ በኋላ ይለማመዳል። ስድስት ዓመት የጠበቀው የሻምፒዮናው ግጥሚያ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በዚያ ሳምንት ከሥጋ ሻጩ ጋር ሲለማመዱ ከጎን የመጣች ሦስት ቁጥር የሽቦን ጆሮ ግንድ አገኘችው። ጭንቅላቱ ዞረ፣ ላቡ በመብራቱ ውስጥ እንደ ጠጠር ተበተነ፣ በጎኑ ወድቆ ግንባሩ የሸራውን ወለል መታ። ቅንድቡ ተሰንጥቆ አንድ ዓይኑን ደም ሞላው። በስምንተኛው ቆጠራ ተነሣ፤ ምራቁን ቀይ አድርጎ ተፋና «በሬ ያረድክ መሰለህ?» ብሎ ሥጋ ሻጩን ሰደበው። ሁሉም ሳቀ። በአምስተኛው ቀን ግን ዝንብ የማትገድል አንድ ቁጥር ነካችው፤ ጉልበቱ ከዳውና ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

መዶሻ የዚያን ቀን ቀረጻ ብቻውን ተመለከተ። አንድን ተጫነ፤ የአገጩን መሥመር አሰመረ፤ ቪዲዮውን አስጀመረ። የሽቦ ግራ እጅ ቀስ እያለ ወረደ፤ ዕቃ ለማስቀመጥ ቦታ እንደሚፈልግ ሰው። ቀኝ እግሩ ከሐሳቡ ኋላ ቀረ። በስድስት ደቂቃ ሃያ ሦስት ነጥብ አኖረ። ከዚያ ሦስትን ተጫነና ሁሉንም ጠረገ፤ ወንድሙ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ወደ እርሱ እየመጣ ነበርና።

«ምን ታያለህ ጋሼ?»

«ምንም። እጅህን ከፍ አድርግ።»

«ራስ ምታት ብቻ ነው። ለማንም እንዳትናገር፤ ይሄ ቀን ካመለጠኝ በቃኝ። አንተ ያንተን ጨርሰሃል፤ የኔን አትቁረጥብኝ።»

መዶሻ ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ አባባሉን የፈጠረው ሰው ግን ወርቁ የማን እንደሆነ አልተናገረም።

የቡጢ ማኅበሩ ሕግ ግልጽ ነበር። በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ በልምምድም ቢሆን፣ ሁለት ጊዜ ተመትቶ የወደቀ ሰው የማኅበሩ ሐኪም መርምሮ ካልፈቀደለት መድረክ አይወጣም። መረጃውን በኢንተርኔት ቅጽ ሞልቶ የሚልከው አሰልጣኙ ነው። የሽቦ ቅጽ ካለፈው ውድድር ተሞልቶ የቆየ ስለነበር መልስ የሚሻው አንድ ሣጥን ብቻ ነበር፤ «ስንት ጊዜ ወደቀ?» ይላል፤ በሣጥኑ ውስጥም ዜሮ ተቀምጧል። መዶሻ አሰበ። እኔ ከምከለክለው ሐኪሙ ይከልክለው፤ የሚረግምም እንደ ሆነ ሐኪሙን ይርገም። በሌላ ሰው እጅ እሳት ለመጨበጥ ነበር ሐሳቡ። ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ በአውራ ጣቱ ሁለትን ተጫነ፤ ፊቱን ሳይመልስ በሌላኛው እጁ መላኪያውን ዳሰሰና ላከው።

ሁለት የምትባለው ቁልፍ ከተነጠቀች ዓመት አልፏት ነበር። ፕሮግራሙ ቁጥሯን ወስዶ የሚያጠፋውን መሥመር በስክሪኑ ላይ ፈለገ፤ አላገኘም፤ ዝም አለ። ዜሮው ከሣጥኑ አልተነሣም።

ከዐሥር ቀን በኋላ የማኅበሩ ሐኪም ሽቦን መረመረው፤ ዓይኑን በባትሪ አየ፣ በአንድ እግሩ አስቆመው፣ ራሱን ያመው እንደሆነ ጠየቀው። ሽቦ «እንደ ብረት ነኝ ዶክተር» አለ። ፈቃዱ ተሰጠ። መዶሻ ይህን ሲሰማ ተነፈሰ። ሁለት ጊዜ መውደቁን ያየ ሐኪም ከፈቀደ፣ እኔ ማን ነኝ? አለ በልቡ። ያ እፎይታ ከሠራው ስሕተት ሁሉ የከፋው ነበር፤ ቁልፉን የሳተው ጣቱ ነው፣ እፎይ ያለው ግን ራሱ ነው።

የግጥሚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የእህቱ ልጅ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል መጣች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የቆርቆሮ ቁም ሣጥኖች፣ ከጥጉ የተሰነጠቀ መስተዋት። ሽቦ እጆቹን በፋሻ አስጠቅልሎ ጨርሷል፤ ጓንት ገና አላጠለቀም። ላፕቶፑ የተጋጣሚውን ቪዲዮ ለማየት ወንበሩ ላይ ተከፍቷል። ከግድግዳው ማዶ የሕዝቡ እግር ወለሉን ሲደበድብ ይሰማል።

«አጎቴ» አለች በሩ ላይ የተለጠፈውን የሽቦን የመረጃ ወረቀት እያየች፣ «ሽቦ በሥጋ ሻጩ ወድቆ አልነበረም እንዴ? እዚህ ዜሮ ይላል።»

«ሁለት ነው የጻፍኩት።»

«በየቱ ኮምፒውተር?»

መዶሻ ባዶ ገጽ ከፈተና በአውራ ጣቱ ሁለትን ተጫነ። ምንም። ደግሞ ተጫነ። ገጹ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ፊቱም እንዲሁ ነጣ።

«ሐኪሙን ጥሪልኝ» አለ። «ሩጪ!»

እርሷ ሮጠች። ሽቦ ከወንበሩ ተነሣ። «ሐኪም ምን ያደርጋል?»

«አትገጥምም።»

«ምን አልክ?»

መዶሻ የዚያን ቀን ቀረጻ አስጀመረ፤ አንድን ተጫነ፤ መሥመሩን አሰመረ፤ ነጥቦቹን ማኖር ጀመረ። «እይ። ይሄ እጅህ ነው። ይሄ፣ ይሄ፣ ይሄ። በያጁም እንዲህ ነበር። እኔ ነኝ ያየሁት፣ ሌላ ማንም አላየም።»

ሽቦ ዘጠኝ ነጥብ ድረስ ታገሠ። ከዚያ በፋሻ የተጠቀለለ ጣቱን አንሥቶ ሦስትን ተጫነ። ስክሪኑ ጸዳ።

«ጠፋ። አየህ? ምንም የለም።»

«ከስክሪኑ ነው የጠፋው።»

«የገደልከውን ሰው በኔ ልታነሣው ነው ጋሼ? ስድስት ዓመት ነው የጠበቅኩት! ከበሩ ዞር በል!»

መዶሻ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ። «አልልም።»

የመጀመሪያው ምት አፉ ላይ አረፈ። የታችኛው ከንፈሩ እስከ ውስጥ ድረስ ተተረተረ። «አንድ» አለ መዶሻ ደሙን ሳይጠርግ። ሁለተኛው አፍንጫውን ሰበረው፤ የሚሰበር አጥንት ድምፅ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ጮኸ። «ሁለት» አለ። ሦስተኛው የጎድን አጥንቱ ላይ ነበር፤ ወደ ቁም ሣጥኖቹ ተወርውሮ ቆርቆሮው በትከሻው ተጨረማመተ። በጉልበቱ ወደቀ፤ አንድ ጥርስ ከደሙ ጋር መሬት ላይ ተፋ፤ ቁም ሣጥኑን ይዞ ተነሣ፤ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ሽቦ እያለቀሰ ነበር የሚመታው። ከዓይኑ በላይ፣ ከጉንጩ፣ ከጆሮው ሥር፤ ፋሻው ቀይ ሆነ። መዶሻ ለሁሉም ቁጥር ሰጠ፤ በኋላ በኋላ ቁጥሮቹ ከአፉ የሚወጡት እንደ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ከዚያ ሽቦ የመጨረሻውን ሁለት ሊያወርድ ቀኙን ወደ ኋላ ሳበ። በዚያች ቅጽበት ግራው ወረደ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ያልተነሣው ቀኝ እጅ ተነሣ። ጣቶቹ ስለማይታጠፉ ቡጢ አልነበረም፤ የተሰበረ ነገር ነበር፤ ይሁን እንጂ መንገዱን አልረሳም። እጅ በሌለበት ገባ። ከሽቦ አገጭ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ።

«እጅህ የት ነው?» አለ መዶሻ።

ሽቦ ወደ ታች አየ። ግራ እጁ ከዳሌው አጠገብ ተንጠልጥሏል። እርሱ አገጩ ላይ ያለ መስሎት ነበር። ሊያነሣው ሞከረ፤ እጁ መጀመሪያ እንዳልሰማ ሰው ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መጣ።

«አንሣው» አለ መዶሻ።

«አንሥቼዋለሁ እኮ» አለ ሽቦ። ድምፁ የሕፃን ሆነ። «አንሥቼው ነበር።»

በሩ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ሐኪሙና የእህቱ ልጅ ከኋላው ቆመው ነበር። ሐኪሙ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አልተናገረም። የሽቦን ግራ እጅ በሁለት እጁ ያዘና «ጨብጠኝ» አለው። ሽቦ ጨበጠ። «በደንብ» አለው። «በደንብ ነው የጨበጥኩት» አለ ሽቦ። ሐኪሙ ከደረት ኪሱ የፈቃዱን ወረቀት አውጥቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዘበት።

ሕዝቡ ግጥሚያው መቅረቱን ሲሰማ ጠርሙስ ወረወረ፤ የአንድ ዳኛ ግንባር ተፈነከተ፤ ወንበር ተሰብሮ እርስ በርስ ተደባደቡበት። ሰው ሲሞት ለማየት መጥቶ የተከለከለ ሕዝብ እንዲህ ነው። ሽቦ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ገባ። በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም ቋጥሮ ስለተገኘ አጥንቱ ተከፍቶ ወጣለት። ቀዶ ጥገናውን ያደረጉት ሴት ሐኪም ለእናታቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መድረክ ላይ ቢወጣ ኖሮ እኔ ጋ አይደርስም ነበር።» ሽቦ ዳነ፤ ግራ እጁ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ወንድሙንም ዐሥራ አራት ወር አላነጋገረውም። ምክንያቱን የጠየቀው ሰው ካለ የሚመልሰው «ቀድሞ አይቶ ነበር፤ አልነገረኝም» ብሎ ነው። እውነቱን ነው።

መዶሻ አፍንጫው ጠሞ ቀረ። ላፕቶፑን ለእህቱ ልጅ ወሰደላት።

«ቁልፎቹን ቀይሪልኝ።»

«እሺ፤ የቱን ላድርግልህ? በግራ እጅህ የሚቀርብህን አንድ ቁልፍ፣ ሰው የማይጽፍበትን…»

«የፊተኛውን። ኤፍ ዘጠኝን መልሺው።»

«አጎቴ፣ አትችለውም እኮ!»

«ሳላይ የምጫነው ቁልፍ አልፈልግም» አለ።

መለሰችለት። አሁን አንድ መሥመር ለማስመር ላፕቶፑን በደረቱ ደግፎ፣ አጎንብሶ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እያየ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሦስት ጊዜ ይስታል፤ ብርሃኑ ይጠፋል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ሥጋ ሻጩ «በቃ ጋሼ፣ ሞቻለሁ ብዬ ልፈርም» ይላል። ይታገላል እንጂ ማንም እንዲጫንለት አይጠይቅም።

አንድ ጠዋት እንዲህ እየታገለ ሳለ አዳራሹ በድንገት ጸጥ አለ፤ የከረጢቶቹ ሰንሰለት ብቻ ይንቀጫቀጭ ነበር። መዶሻ ቀና አላለም፤ ግትሮቹ ጣቶች እንደገና ቁልፎቹን ጠርገው ስክሪኑ ጨለመ። አንድ ሰው ከጎኑ መጥቶ ቆመ። ጠባሳው ከፀጉሩ ሥር እስከ ጆሮው ይወርዳል። ሰውየው ግራ እጁን ዘረጋ፤ እጁ መጀመሪያ ዘገየ፣ መንገድ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ታች በግራ ባለው ቁልፍ ላይ አረፈና ያዘው።

መዶሻ በአውራ ጣቱ ላይኛውን ተጫነ። ቀይዋንም መሥመር አሰመረ።

«ሥጋ ሻጩ አሁንም ያወርዳል?» አለ ሽቦ።

«ያወርዳል።»

«ታዲያ ንገረዋ።»